አንዱ ወገን ውሉን ባይፈጽም ሌላው ምን ያድርግ?



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ጉዳይ ውል ነው። ውል የሚለው ቃል በቋንቋችን ለሁለት ነገር ይነገራል። እናቶቻችን ፈትለው ባጠነጠኑት ልቃቂት ላይ የክሩ ጫፍ ውል ይባላል፤ ውሉን የያዘች ሴት ክሩን እየሳበች ያለ ችግር ትፈታዋለች፣ ውሉ የጠፋባት ግን ስትጎትት ያጠብቅባታል፣ ስትቸኩል ይበጠስባታል። እንደዚሁም ሁለት ሰዎች፣ እኔ ይህን አደርጋለሁ፣ አንተም ይህን ታደርጋለህ ተባብለው የሚተሳሰሩበት ስምምነት ውል ይባላል። በዚህኛውም ውል ነገር በተበላሸ ጊዜ ጫፉን ያልያዘ ሰው የሚደርስበት ያው ነው።

ዛሬ የምናገረው ስለ ውል ሕግ በሙሉ አይደለም። አንዱ ወገን የገባውን ግዴታ ሳይፈጽም በቀረ ጊዜ ሕግ ለሌላው ወገን የሚሰጠው መፍትሔ ምን ምን እንደ ሆነ፣ መፍትሔውንም በገዛ እጁ እንዳያበላሽ ምን ማድረግ እንዳለበት ብቻ ነው። በደመወዝ የሚተዳደር ሰው ቤት ለማደስ፣ ዕቃ ለማሠራት ወይም ቤት ለመግዛት የሚከፍለው ገንዘብ የአንድ ወር ገንዘብ ሳይሆን የብዙ ዓመት ቁጠባ ነው። ይህ ገንዘብ በአንድ ፊርማ ከእጅ ይወጣል፤ ለማስመለስ ግን ብዙ ደጅ ያስጠናል። ስለዚህ ነገሩን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ዛሬ በአገራችን ስለ ውል የሚፈረድበት ሕግ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ረቂቁን በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የተባሉት ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ሲሆኑ፣ ሕጉ በ3367 ቍጥሮች ተከፍሎ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጸንቷል። ስለ ጋብቻና ስለ ቤተሰብ የሚናገረው ክፍል በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ተተክቷል፤ ስለ ውል የሚናገረው ክፍል ግን እስከ ዛሬ ድረስ ፍርድ ቤቶቻችን በየዕለቱ የሚፈርዱበት ነው።

ከዚያ በፊት ሕዝባችን ያለ ውል ይኖር ነበር ማለት አይደለም። ፍትሐ ነገሥት ስለ ሽያጭ፣ ስለ ብድርና ስለ ዋስ ይናገር ነበር። በልማድም ባለገንዘብና ባለዕዳ በሰንሰለት ይቆራኙ ነበር፤ አንዱ ከሌላው እንዳይለይ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ። ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። ልብ ብለን ከተመለከትነው፣ ገንዘቡን የሚጠይቀው ሰውዬ ባለዕዳውን አሰርሁ ሲል ራሱም አብሮ ይታሰር ነበር። ይህን ነገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ሰዎቹ ለምሳሌ የተፈጠሩ ናቸው፤ ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ክርክር ያልሰማ የአዲስ አበባ ነዋሪ ይኖራል ብዬ አልገምትም።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጀሞ፣ የጋራ መኖሪያ ቤት የደረሰው አንድ የመንግሥት ሠራተኛ አለ እንበል። ቤቱን ከተረከበ በኋላ የወጥ ቤት ካቢኔት፣ ሁለት ቁም ሣጥንና ሦስት በሮች ለማሠራት ጎፋ ሠፈር ከሚገኝ አንድ የእንጨት ሥራ ባለሙያ ጋር ይዋዋላል። የሥራው ዋጋ 240 ሺህ ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 80 ሺህ ብር በፊርማው ዕለት፣ 80 ሺህ ብር እንጨቱ ተቆርጦና ተገጣጥሞ ባለቤቱ በሥራ ቤቱ ተገኝቶ ባየው ጊዜ፣ የቀረው 80 ሺህ ብር ደግሞ ዕቃው በቤቱ ተተክሎ ሲያልቅ እንዲከፈል ይስማማሉ። ጊዜውም 60 ቀን ነው። ባለቤቱ በበኩሉ ቤቱን ባዶ አድርጎ ሊያስለካና ቁልፉን በተፈለገ ጊዜ ሊሰጥ ግዴታ ገብቷል።

በአርባ አምስተኛው ቀን ባለሙያው ስልክ ይደውላል። «ጋሼ፣ እንጨት ተወዷል፤ 60 ሺህ ብር ካልጨመሩልኝ ሥራውን መቀጠል አልችልም» ይለዋል። ባለቤቱም ደሙ ይፈላል። በዚህ ሰዓት ሰው ዘወትር የሚያስባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ወደ ሥራ ቤቱ ሄዶ በገንዘቡ ልክ መሣሪያና እንጨት ጭኖ መምጣት ነው። ሁለተኛው ለባለሙያው አንድ ቃል ሳይናገር ሌላ አናጢ ቀጥሮ ማሠራት ነው። ሦስተኛው ደግሞ እጅን አጣጥፎ ተቀምጦ፣ ጉዳቱ ይቈጠር፣ ሁሉንም በፍርድ ቤት አስከፍለዋለሁ ማለት ነው። የመጀመሪያው መንገድ ከሳሹን ተከሳሽ ያደርገዋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ደግሞ እውነት የነበረውን ክስ ያደክሙታል። ሕጉ ያስቀመጠው ቅደም ተከተል ከሦስቱም የተለየ ነው።

ሕጉ በመጀመሪያ የሚጠይቀው፣ ከሌላው ሰው በፊት፣ ራሱን ጠያቂውን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቍጥር 1757 እንደሚለው፣ ሌላው ወገን ግዴታውን እንዲፈጽምልኝ ብሎ ለመጠየቅ የሚችለው የራሱን ግዴታ የፈጸመ ወይም ለመፈጸም ዝግጁ መሆኑን ያሳየ ሰው ነው። በሁለት ወገን ያለ ግዴታ እንደ ሚዛን ነው፤ የአንዱ ወገን ሳሕን ባዶ ሆኖ ሳለ የሌላው እንዲሞላ መጠየቅ አይቻልም። በገበያ ቋንቋ እጅ በእጅ የምንለው ይኸው ነው።

ይህ ድንጋጌ በምሳሌያችን ላይ ምን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ እንመልከት። እንጨቱ ተገጣጥሞ ያለቀው በሠላሳኛው ቀን ነበር እንበል፤ ባለሙያውም ይምጡና ይዩት ብሎ ጠርቶት ነበር። ባለቤቱ ግን መሥሪያ ቤት ሥራ በዝቶብኛል እያለ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳይሄድ፣ ሁለተኛውንም 80 ሺህ ብር ሳይከፍል ቀረ። ባለሙያው በአርባ አምስተኛው ቀን ሥራ ቢያቆም ታዲያ አስቀድሞ ግዴታውን ያጓደለው ማን ነው? ባለሙያው የጠየቀው ጭማሪ ውሉ የማያውቀው ቢሆንም፣ ባለቤቱ ወደ ችሎት የሚገባው አንድ እጁን ታስሮ ነው። በሌላ በኩል ግን ባለቤቱ በጊዜው ሄዶ አይቶ፣ ክፍያውን ከፍሎ፣ ቁልፉንም አዘጋጅቶ ከነበረ፣ በሕግ ፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ሌላውን ከመውቀስ በፊት ውሉን አውጥቶ የራስን ድርሻ በቀይ እርሳስ ማስመር ብልኅነት ነው።

ይኸው ድንጋጌ ሌላም ጥቅም አለው። ሌላው ወገን ድርሻውን ሳይፈጽም ክፈል ቢል፣ አልከፍልም ብሎ ክፍያውን ለመያዝ ያስችላል። ክፍያን በዚህ ምክንያት መያዝ ውልን ማፍረስ አይደለም፤ ሌላው እስኪፈጽም ድረስ ገንዘቡን በእጅ አድርጎ መጠበቅ ነው። ውሉ አስቀድመህ ክፈል ብሎ ከሆነ ግን መክፈል ግድ ነው። ለዚህም ሕጉ መውጫ አበጅቷል፤ ሌላው ወገን እንደማይፈጽም በግልጽ ካሳየ፣ ወይም ዕዳውን ለመክፈል የማይችል መሆኑ በፍርድ ቤት ከተረጋገጠ፣ ቀዳሚው ከፋይም እጁን ሊሰበስብ ይችላል። ነገር ግን ውል በቅን ልቦና የሚተረጐም ስለ ሆነ፣ አንዲት ማጠፊያ ላልታ ስለ ተገኘች የመጨረሻውን 80 ሺህ ብር በሙሉ አልከፍልም ማለት መብትን መጠየቅ ሳይሆን ሰበብ መፈለግ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ማስጠንቀቂያ ነው። በቍጥር 1772 መሠረት አንድ ሰው ውሉ አልተፈጸመልኝም ብሎ ለመከራከር የሚችለው ሌላው ወገን እንዲፈጽም በማስጠንቀቂያ ከጠየቀው በኋላ ነው። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። አሥር ጊዜ ስልክ ደውዬ ለምኜዋለሁ ይላል። የንፋስ ስልክ ስም ያለ ሽቦ የሚሄደውን መልእክት ያስታውሰናል፤ በነፋስ የሄደ ቃል ግን ዳኛ ፊት ሲደርስ ተመልሶ ለመያዝ ያስቸግራል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለምን?

ማስጠንቀቂያው ረጅም መሆን የለበትም። ለምሳሌ እንዲህ ቢል ይበቃል፤ «በተዋዋልነው መሠረት የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ክፍያ ከፍያለሁ፤ የቀረውንም ሥራው ሲያልቅ ለመክፈል ዝግጁ ነኝ። የተወሰነው 60 ቀን አልፎ ሳለ ሥራውን አላስረከቡኝም። ስለዚህ ይህ ማስጠንቀቂያ በደረሰዎ በ20 ቀን ውስጥ ሥራውን ፈጽመው እንዲያስረክቡኝ እጠይቃለሁ፤ ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ የማልቀበል መሆኔን አስታውቃለሁ።» በዚህች አጭር ጽሑፍ ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፤ የራስ ዝግጁነት፣ የሌላው ጉድለትና የተወሰነ ጊዜ። የሚሰጠው ጊዜ ለሥራው ዓይነት የሚበቃ መሆን አለበት። ግልባጩንና የደረሰበትን ማስረጃ ማስቀመጥም አይረሳ።

ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግባቸው ጊዜያት አሉ። ባለዕዳው አልፈጽምም ብሎ በጽሑፍ ካስታወቀ፣ ግዴታው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ብቻ የሚፈጸም ሆኖ ጊዜው ካለፈ፣ ወይም ግዴታው አንድን ነገር አለማድረግ ከሆነ፣ እንዲሁም በውሉ ላይ ጊዜው ሲያልፍ ያለ ማስጠንቀቂያ ባለዕዳው እንደ ዘገየ ይቈጠራል ተብሎ ከተጻፈ አያስፈልግም። ለሠርግ ቀን የታዘዘ ድንኳን በማግስቱ ቢተከል ለማን ይጠቅማል?

በዚህ ላይ አንድ ማስተዋል የሚገባን ነገር አለ። ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ግዴታው የሚፈጸምበት ጊዜ ከደረሰ በኋላ ነው። በምሳሌያችን ባለሙያው የደወለው በአርባ አምስተኛው ቀን ስለ ሆነ ገና 15 ቀን ይቀረዋል። ታዲያ ባለቤቱ ዝም ብሎ ይጠብቅ? የለም። አንዱ ወገን አልፈጽምም ብሎ በማያሻማ ሁኔታ ካስታወቀ፣ ሌላው ወገን ውሉን እሰርዛለሁ ብሎ ሊያስጠነቅቀው ይችላል፤ ባለዕዳው በ15 ቀን ውስጥ ግዴታውን በጊዜው ለመፈጸሙ በቂ ዋስትና ካቀረበ ግን መሰረዙ ይቀራል። ስለዚህ ባለቤቱ፣ ወንድሜ፣ በስልክ የነገርኸኝን በጽሑፍ አድርገህ ላክልኝ ማለት ይገባዋል። በእልክ ከመጮኽ ይህች አንዲት ቃል ትበልጣለች።

ሦስተኛው እርምጃ መፍትሔውን መምረጥ ነው። ቍጥር 1771 የሚሰጠው ምርጫ፣ ውሉ ይፈጸምልኝ ማለት፣ ወይም ውሉ ይሰረዝልኝ ማለት፣ በአንዳንድ ሁኔታም ራስ መሰረዝ ነው፤ ከነዚህም ጋር ለደረሰ ጉዳት ኪሣራ መጠየቅ ይቻላል።

ውሉ ይፈጸምልኝ የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ አይፈቀድም። በቍጥር 1776 መሠረት አፈጻጸሙ ለጠያቂው የተለየ ጥቅም ያለው መሆን አለበት፤ ደግሞም የባለዕዳውን የግል ነጻነት ሳይነካ ሊፈጸም የሚችል መሆን ይገባዋል። ዳኛ ባለሙያውን አስገድዶ መጋዝ አስይዞ ጀሞ ድረስ አይወስደውም። ስለ ቁራኛ የተናገርሁት ለዚህ ነበር፤ የአሁኑ ሕግ ሰውን ከሰው ጋር አያስርም፣ የሚያስረው ዕዳን ከገንዘብ ጋር ነው። በዚህ ጉዳይ አገሮች በአንድ መንገድ አይሄዱም። የእንግሊዝ ሕግ ብዙውን ጊዜ ኪሣራ ከፍሎ ነገሩን መቋጨትን ይመርጣል፤ የፈረንሳይ ሕግ ደግሞ ውሉ እንደ ቃሉ መፈጸሙን ያስቀድማል። የእኛው ሕግ በሁለቱ መካከል ይቆማል ማለት ይቻላል።

ሥራው ግን በሌላ ሰው እጅ ሊሠራ የሚችል ሲሆን ሕጉ ጥሩ መንገድ ከፍቷል። ባለገንዘቡ ፍርድ ቤት አስፈቅዶ፣ ባለዕዳው ሊሠራው የነበረውን ሥራ በባለዕዳው ወጪ በሌላ ሰው ሊያሠራ ይችላል። እንደ ጤፍ፣ ሲሚንቶና ብረት ያሉ፣ አንዱ በሌላው የሚተካ ነገርም ከሆነ፣ እንዲሁ ተፈቅዶለት በባለዕዳው ወጪ ከሌላ ይገዛል። ሌላ አናጢ መቅጠር እንግዲህ የተከለከለ አይደለም፤ የሚጐዳው ሳያስጠነቅቁና ሳያስፈቅዱ ቀጥሮ፣ ኋላ ወጪውን ክፈል ማለት ነው።

ውሉ ይሰረዝልኝ የሚለውም ጥያቄ ሚዛን አለው። ዳኛው የሁለቱን ወገኖች ጥቅምና የቅን ልቦናን ደንብ ይመለከታል። ውል የሚሰረዘው ዋናው የውሉ ቃል በተጓደለ ጊዜ ነው እንጂ ለጥቃቅን ጉድለት አይደለም። የቁም ሣጥኑ ቀለም ከታዘዘው ጥቂት ቢደምቅ በኪሣራ ይታረማል፤ የወጥ ቤቱ ካቢኔት ጭራሽ ሳይሠራ ቢቀር ግን የውሉ መሠረት ተናግቷል። ያለ ዳኛ ራስ መሰረዝ የሚቻለው ውሉ ይህን መብት በግልጽ ሰጥቶ እንደ ሆነ፣ በማስጠንቀቂያ የተሰጠው ጊዜ ካለፈ፣ መፈጸሙ የማይቻል ከሆነ፣ ወይም አስቀድሜ እንዳልሁት ሌላው ወገን አልፈጽምም ብሎ ካስታወቀ ነው። ውሉ በተሰረዘ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች በተቻለ መጠን ውሉን ከመዋዋላቸው በፊት ወደ ነበሩበት ሁኔታ ይመለሳሉ፤ ገንዘብ የተቀበለ ገንዘቡን፣ ዕቃ የተቀበለ ዕቃውን ይመልሳል።

አሁን ወደ ኪሣራ እንለፍ። በውል ሕግ ኪሣራ ለመጠየቅ የባለዕዳውን ክፋት ወይም ቸልተኝነት ማስረዳት ግድ አይደለም። ግዴታውን አለመፈጸሙ ይበቃል። እርሱ የሚድነው ከአቅም በላይ የሆነ ነገር እንደ ከለከለው ሲያስረዳ ነው። ይህም ማለት ሊያስበው የማይችለው፣ ፈጽሞም እንዳይሠራ ያገደው ነገር ሲደርስበት ነው፤ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ መብረቅ፣ ጎርፍ፣ ጦርነት፣ የመንግሥት ክልከላ፣ የባለዕዳው መሞት ወይም ያልታሰበ ጽኑ ሕመም ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። የጥሬ ዕቃ ዋጋ መወደድ ግን ከዚህ ውስጥ እንዳይቈጠር ሕጉ በቍጥር 1794 ለይቶ ተናግሯል። እንጨት ተወዷል የሚለው የባለሙያው ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሐዘኔታም ይገባዋል፤ ከግዴታው ግን ነጻ አያወጣውም። ባለቤቱ ሊያዝንለትና ሊጨምርለት ይችላል፤ ቢጨምርለት ፈቃዱ ነው እንጂ ዕዳው አይደለም። ዋጋ ቢለዋወጥ እንዴት እንደሚሆን የሚፈልጉ ሰዎች ይህንኑ በውላቸው ላይ አስቀድመው ይጻፉ።

የኪሣራው ልክ እንዲህ ያለ ውል ባይፈጸም በተለምዶ ሊደርስ የሚችለው ጉዳት ነው። የቀረው ሥራ በውሉ መሠረት 80 ሺህ ብር ይቀረው ነበርና፣ ሌላ አናጢ 120 ሺህ ብር ቢያስከፍል ልዩነቱ 40 ሺህ ብር ነው። ባለቤቱ ቤቱ እስኪያልቅ በኪራይ ቤት የሚኖር ከሆነና በየወሩ የሚከፍለውን ኪራይ ለመጠየቅ ካሰበ ግን ይህን ልዩ ሁኔታ ለባለሙያው መንገር የነበረበት በተዋዋሉበት ዕለት ነው። ሥራው ከዘገየ ኪራይ እከፍላለሁ የምትል አንዲት መስመር በውሉ ላይ ብትኖር በኋላ ብዙ ክርክር ታስቀራለች። በሌላ በኩል የተጐዳው ሰው ጉዳቱ እንዳይበዛ የሚቻለውን ማድረግ አለበት። ዓመት ሙሉ እጅን አጣጥፎ ተቀምጦ የዓመት ኪራይ መጠየቅ አይሆንም። እሳት የተነሣበት ሰው ባልዲ በእጁ ይዞ ቤቱ ሲቃጠል ቆሞ እንደማያይ ሁሉ፣ ይህም እንደዚያው ነው።

እስካሁን የተናገርነው ለባለቤቱ ብቻ የሚያደላ እንዳይመስል፣ ይኸው ሕግ ለባለሙያውም እኩል የሚያገለግል መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ባለሙያው ሥራውን አጠናቅቆ ሳለ ባለቤቱ የመጨረሻውን ክፍያ ዛሬ ነገ እያለ ቢያጓትት፣ ባለሙያው ያስጠነቅቃል፤ ከማስጠንቀቂያውም ጊዜ ጀምሮ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ በዓመት 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ይታሰብለታል። የመንግሥት ደመወዝተኛ የሠራተኛ ገንዘብ የማስቀረት ልዩ መብት የለውም።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ሁለት ቃላት ልናገር፤ ብዙ ሰው ሳያስተውል በውል ላይ ይጽፋቸዋልና። አንደኛው ቀብድ ነው። በየሠፈሩ ቀድሞ የሚከፈለውን ገንዘብ ሁሉ ቀብድ ማለት ልማድ ሆኗል። በሕግ ግን ቀብድ ልዩ ትርጕም አለው። ለውሉ መደረግ ማስረጃ ከመሆኑም በላይ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ሰጪው የሰጠውን ትቶ፣ ተቀባዩም የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ መልሶ፣ ከውሉ ለመውጣት ይችላሉ። እንግዲህ 80 ሺህ ብሩ በውሉ ላይ ቀብድ ተብሎ ከተጻፈ፣ ባለሙያው 160 ሺህ ብር መልሶ ሊሄድ መንገድ ተከፍቶለታል፤ ባለቤቱም ሐሳቡን ቢለውጥ 80 ሺህ ብሩን ይተዋል። ሰዎቹ የፈለጉት ይህን ከሆነ መልካም ነው። የፈለጉት ሥራው የግድ እንዲያልቅ ከሆነ ግን ቀብድ ሳይሆን የመጀመሪያ ክፍያ ብለው ይጻፉ።

ሁለተኛው ገደብ ነው። ይህም ውሉን ያልፈጸመ ወገን ይህን ያህል ይክፈል ተብሎ አስቀድሞ የሚወሰን መቀጫ ነው። ጥቅሙ ባለገንዘቡ ጉዳቱን በብርና በሳንቲም ማስረዳት ሳያስፈልገው የተወሰነውን ለመጠየቅ መቻሉ ነው። ከዚህ ጋር አብሮ መታወቅ ያለበት፣ ገደቡ ትንሽ ሆኖ ከተወሰነ ጉዳቱ ቢበዛም ከዚያ በላይ ለማግኘት አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ስለዚህ ገደብ ሲጻፍ ለይምሰል 500 ብር ብሎ ማለፍ አይገባም።

ክቡራን አድማጮች፤ ከካቢኔትና ከቁም ሣጥን ወደ ከፍተኛው ጉዳይ፣ ወደ ቤት ግዢ፣ ብንሻገር ይኸው ትምህርት ጎልቶ ይታያል። በ2005 ዓ.ም. ገደማ አክሰስ ሪል እስቴት የተባለው አክሲዮን ማኅበር ቤት ሠርቶ ሊያስረክባቸው ተዋውሎ ቅድሚያ ክፍያ የተቀበላቸው ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ቤታቸውን በጊዜው ሳያገኙ ቀርተው ጉዳዩ አገር ሲያነጋግር እንደ ነበር የሚዘነጋ አይደለም። እነዚህ ሰዎች መብት አልነበራቸውም ማለት አይደለም። ይፈጸምልን፣ ይሰረዝልን፣ ኪሣራ ይከፈለን የማለት መብት ሁሉ በሕግ መጽሐፉ ላይ ነበረላቸው። ያልነበራቸው በእጃቸው የቀረ ገንዘብ ነው። ቤቱ ሳይቆም ገንዘቡን ያስረከበ ሰው፣ ክፍያን ይዞ መጠበቅ የሚባለውን ከሁሉ የቀለለውን መፍትሔ አብሮ አስረክቧል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ክስ ነው፤ ክስ ደግሞ የሚጠቅመው ተከሳሹ የሚከፍለው ነገር ሲኖረው ነው።

እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ዋና ፍሬ ይህ ነው። ውል ሲፈርስ ከሚሰጡት መፍትሔዎች ሁሉ ብርቱው ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት በገዛ እጅ ያለው ነው፤ ይኸውም የራስን ድርሻ በጊዜው እየፈጸሙ፣ ክፍያውን ከሥራው እርምጃ ጋር እያስተካከሉ፣ ከሥራው ቀድሞ ገንዘቡን ሁሉ አለመልቀቅ ነው። የራሱን ግዴታ የፈጸመና ያልደረሰበትን ክፍያ በእጁ የያዘ ሰው የልቃቂቱን ጫፍ አልጣለም። ከሁለቱ አንዱን ያጣ፣ ማለት ወይ ገንዘቡን ቀድሞ የጨረሰ፣ ወይ የራሱን ግዴታ ያጓደለ፣ እውነት ቢኖረውም እውነቱን ለማስከበር ይቸገራል።

ለሥራ የሚረዱ ጥቂት ምክሮችን ጨምሬ ላብቃ። እንዲህ ላለው የሥራ ውል ሕጉ የግድ ጽሑፍ ባይጠይቅም በጽሑፍ ማድረግ ይሻላል፤ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበት። ክፍያው ስንት ጊዜና በየትኛው የሥራ እርምጃ እንደሚከፈል ይጻፍ። የሚፈጸምበት ቀን ይወሰን። ገንዘብ ሲሰጥ ደረሰኝ ይያዝ፤ በባንክ ቢተላለፍ ደግሞ የተሻለ ማስረጃ ነው። አለመግባባት ሲነሣ ሽማግሌ መቀመጡ ነውር የለውም፤ ብዙ ጊዜ ከክርክር ይልቅ ያተርፋል፤ ሽማግሌው የወሰነውም በጽሑፍ ይሁን። ጊዜም አይጣል፤ በውል ላይ የተመሠረተ ጥያቄ በልዩ ሁኔታ ካልተወሰነ በቀር በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ዐሥር ዓመት ረጅም ይምሰል እንጂ ምስክር ይሞታል፣ ወረቀት ይጠፋል፣ ሰውም አድራሻውን ይለውጣል።

አባቶቻችን የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይሉ ነበር። ለቃል ይህን ያህል ክብር የሰጠ ሕዝብ ውሉን ሊያከብር ይገባዋል። ሁሉ ሰው ግን ቃሉን እንደማይጠብቅ ሕግ አውጪውም ስላወቀ ለተጐዳው መፍትሔ አበጅቶለታል። መፍትሔው የሚገኘው ግን ለጮኸ ሳይሆን፣ የራሱን ግዴታ ፈጽሞ፣ በጽሑፍ አስጠንቅቆ፣ የሚፈልገውን ለይቶ ለጠየቀ ሰው ነው።